ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ

ሰኞ

ዛሬም አንድ ሰው ከቁጥሩ በላይ የሆነ ጫማ ሥራልኝ አለኝ። የዳቦ ቤቱ እሳት አንዳጅ ነው። እግሩን አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በፊት ሰርቼለታለሁ።

"አርባ አንድ ነህ" አልኩት።

"አርባ ሦስት አድርግልኝ።"

"ልታድግ ነው እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም። ካርቶኑ ላይ በእርሳስ እንድለካው ሲያወልቅ ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነበር። ውስጥ እግሩ የእግር ቀለም አልነበረውም። ለካሁትና ቁጥሩን ጻፍኩ። የጫማ ሰሪና የደንበኛ ወግ ዛሬ ይቺው ሆነች።

ሲወጣ ሱቁን የሚጋራኝ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ "ስንተኛህ ነው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ሁለት ቁጥር ከፍ አድርግልኝ ያለህ።"

አልቆጠርኩም አልኩት። አንድ ክፍል ተጋርተን ስንሠራ ልጆቻችን አድገዋል። እሱ በመስኮቱ በኩል ከስፌት መኪናው ጋር፣ እኔ በበሩ በኩል ከፎርማዎቼና ከመዶሻዬ ጋር። ስዋሽ ያውቃል።

ይህን ደብተር ልጄ የሰጠችኝ እናቷ የሞተች ጊዜ ነው። "እንቅልፍ እምቢ ሲልህ ጻፍ" ብላኝ ነበር። ያኔ አልጻፍኩም።

ረቡዕ

የበያጁን ልጅ ቀበርን። ውሃ ይለቀቅልን ብለው ሰልፍ ከወጡት ጋር አልነበረም፤ አውቶቡስ እየጠበቀ ነበር። ፖሊሶች የተኮሱት ጥይት በአንገቱ ገባ። አባትየው ብረት በሚያመላልስበት ጋሪ ራሱ ገፍቶ ሆስፒታል አደረሰው። ጋሪውን እስካሁን አላጠበውም፤ በር ላይ አቁሞታል፣ ሰው ሁሉ በጎኑ ያልፋል።

ከፖሊስ ጣቢያ ትእዛዝ መጥቶ ነበር። ከቀብር በኋላ መሰብሰብ የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ የጥቁር ጨርቅ ቁርጥራጭ ሁሉ አወረደና ክንድ ላይ የሚታሰር መስፋት ጀመረ።

"መልበስ ነው የተከለከለው" አለ። "ይሄ ማሰር ነው።"

ጥቁሩ ሲያልቅበት ዓይኑ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ኮቴ ላይ አረፈ። "ጎረቤት፣ ገበሩ ጥቁር ነው አይደል?" ኮቴን አውርጄ ተቀመጥኩበት። ሳቅን። በዚያ ቀን መሳቃችን ሲገርመኝ አመሸ።

ቀብር ላይ ግማሹ ሰው አስሮ ነበር። እኔም አስሬ ነበር። አማቼን፣ የልጄን ባል፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ ከፖሊሶቹ መኪና አጠገብ ሳየው ክንዴን ወደ ኋላ አደረግኩ።

እሑድ

ፓስተሩ ሥልጣን ሁሉ ከላይ የተሰጠ ነው በሚለው ክፍል ሰበከ። የጣቢያው አዛዥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የጉባኤያችን ሽማግሌ ነው። አማቼ ከመዘምራኑ ጋር ነበር። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ልጄ የወደደችውም በድምፁ ነው።

ስብከቱ መሃል ላይ የፊት አግዳሚ የማትለቀው እማማ፣ መስማት ስለሚያቅታት ይሁን ስለፈለገች፣ ጮክ ብላ፣ "ንጉሡ የወይን እርሻውን ሊነጥቀው ብሎ ያስወገረው ሰውዬስ? እሱም ከላይ ታዞ ነው?" አለች። ፓስተሩ ፈገግ ብሎ ቀጠለ። ልብስ ሰፊው በክርኑ ጎሸመኝ።

ከዚያ እንደ ልማዳችን ምሳ ልጄ ቤት በላሁ። አማቼ ተጫዋች ሆኖ ዋለ። ሕፃኑ ወንድ ከሆነ ስም አውጣ አለኝ። ልጄ ሆዷ ገፍቷል። ቤቱ ደስ ይል ነበር፤ ጨዋታ አምጡ ሲባል የኮቴን ነገር አወራሁ። ልብስ ሰፊው ጥቁር ሲያልቅበት ገበሩን ሊቀድ እንዴት እንደከጀለ፣ እኔም እንዴት እንደተቀመጥኩበት። አማቼ እስኪያነባ ሳቀ። "እሱ ሰውዬ!" አለ። ልጄ ብቻ ሹካዋን አስቀመጠች።

ማክሰኞ

ወሰዱት።

ማክሰኞ ምሽት

ቀን የጀመርኩትን ልጨርስ። ፖሊሶቹ አራት ሆነው ገቡ። አማቼ አልነበረም። "ጥቁሩ ጨርቅ የታል?" አሉ። ልብስ ሰፊው፣ "አልቋል፣ ሰማያዊ አለኝ" አለ። አንደኛው የእንጨት ሜትሩን አንስቶ አንገቱ ላይ ሰበረው። ፊቱን ከስፌት መኪናው ጋር ሲያጋጩት ቅንድቡ ተሰነጠቀ፤ መርፌው ላይ የነበረው የሰው ሱሪ ደም በደም ሆነ። መሬት ላይ በጫማቸው ሲረግጡት የአንደኛው ተረከዝ እኔ የመታሁት ተረከዝ ነበር። ምስማሮቹን አወቅኳቸው።

መዶሻው እጄ ላይ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ መዶሻው እጄ ላይ ነበር። ሲወጡ አንዱ፣ "አባት፣ አስቀምጡት፣ እግርዎ ላይ ይወድቃል" አለኝ። ታዝዤ አስቀመጥኩት።

ጨርቁን የሰፋው እሱ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግማሹ ሰው አስሮ ነበርና።

ረቡዕ

ምግብ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። "እዚህ የለም" አሉ። ሚስቱ ዛሬ ጠዋት ደሙ ያለበትን ሸሚዝ ከዚሁ በር ተቀብላለች። አማቼን አስጠራሁ፤ ሥራ ላይ ነው ተባልኩ።

ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ዓርብ

ልጄ ስኳር ልትበደር መጣች። የእጇ አንጓ ላይ የጣት ቅርጽ አለ። "በሩ ያዘኝ" አለች። በር ጣት የለውም። ስኳሩን ጨምሬ ሰጠኋት።

"ማታ አይተኛም አባዬ" አለች። "እጁን ይታጠባል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ መጥቶ መብራት አብርቶ ይቀመጣል። ምን ሆንክ ካልኩት ነው የሚቆጣው።"

"አትጠይቂው" አልኳት። አባት የሚመክረው ምክር ይሄ ነው?

ሰኞ

ፈቱት። በበያጁ ጋሪ አመጡት። በያጁ ራሱ ነው የገፋው።

ረቡዕ

አየሁት። እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል። ሁለቱም ውስጥ እግሮች ተከፍተዋል፤ የግራው ተረከዝ ላይ ሥጋው እንደ አሮጌ ሶል ተላቋል። ሚስቱ በዘይት የራሰ ጨርቅ እየቀየረች ታደርግለታለች። ካርቶንና እርሳስ ይዤ ነበር። በቁሙ መለካት ስለማይችል ካርቶኑን ግድግዳ ላይ አስደግፌ በአየር ላይ ነደፍኩት።

"ስንት ወጣሁ?" አለኝ።

"ሁለት ቁጥር ከፍ ብለሃል።"

"በዚህ ዕድሜዬ" አለ።

ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጣሪያውን እያየ ተናገረ። "አማችህ ነው ጎረቤት። ሌላ ሰው ነው ብዬ ልዋሽህ አስቤ ነበር፤ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ፤ እሑድ እሑድ የምሰማው ድምፅ ነው። ታውቃለህ መጀመሪያ ምን እንዳለኝ? 'ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ' አለኝ። ዱላውን ከማንሳቱ በፊት። እኔም ደንግጬ፣ 'እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ' አልኩት። አየህ፣ አስቀድሞ አስፈረመኝ። ከዚያ መታኝ።"

ሌላ ነገር ይነግረኝ እንደሆን ጠበቅኩ። ዓይኑን ጨፈነ።

ሰኞ

በለስላሳ ቆዳ፣ ከላይ በክር የሚላላና የሚጠብቅ፣ ውስጡ ጥጥ የተነጠፈበት ጫማ ሠራሁለት። እሱን አድርጎ በሁለት ሰው ትከሻ ሱቅ መጣ። "ቤት ከተኛሁ አብዳለሁ" አለ። መኪናው ፊት ተቀመጠ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ፣ አንዴ ገፋው። ጩኸቱ የሰው አልነበረም።

ስለዚህ በርጩማዬን ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩና እኔ እረግጥ ጀመር። እሱ ጨርቁን ይመራል፣ እኔ እረግጣለሁ። መጀመሪያ አልተግባባንም፤ ክሩ ተበጠሰ፣ እጅጌው ተጣመመ።

"የሬሳ ሣጥን አይደለም የምትመታው፣ ቀስ!" ይላል።

"አንተ ራስህ ቀስ!"

"ርገጥ... ቁም። ርገጥ... ቁም። አህያ ብትሆን እስካሁን ለምደህ ነበር።"

ወደ ምሳ ሰዓት አንድ ሙሉ ሱሪ ወጣልን። የራሴ ሥራ ቆሟል። ቢቆም ይቁም።

ረቡዕ

ስረግጥ ይመቸኛል። ምክንያቱን መጻፍ አልፈልግም።

ሐሙስ

ፓስተሩ ሱቅ መጣ። ከጌታ እራት በፊት እግር የምንተጣጠብበት እሑድ እየደረሰ ነው። በእኛ ጉባኤ የተጣላ ካለ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ እነሱ እግር ለእግር ሳይተጣጠቡ ማንም ከማዕዱ አይቀርብም። ወንበሮቹን የምደረድረው፣ ሳፋና ፎጣ የማሰናዳው፣ ውሃውን የማፈሰው እኔ ነኝ። በዚህ ሥርዓት በመሬት ወሰን የተካሰሱ ወንድማማቾች ሲታረቁ አይቻለሁ። አማትና ምራት ሲላቀሱ አይቻለሁ።

"አንተና ወንድማችን ፊት ለፊት ብትቀመጡ" አለው ፓስተሩ ልብስ ሰፊውን፤ አማቼን ማለቱ ነው። "ለቤተ ክርስቲያን ፈውስ ይሆናል። አዛዡም ይገኛል።"

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ። "እኔና እሱ አልተጣላንም" አለ።

"እንዴት?"

"ጠብ ሁለት ሰው ሲመታታ ነው። እኔ እጄ ታስሮ ነበር።"

"ጌታ እኮ የይሁዳን እግር አጥቧል" አለ ፓስተሩ።

"አጥቧል። ግን አሳልፎ ከመስጠቱ በፊት ነው። ከመስቀል ወርዶ የገራፊዎቹን እግር አጠበ የሚል ያነበብክበት ቦታ ካለ አሳየኝ።"

ፓስተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ላቡን ጠረገ። "ሌሎች የታሰሩ ልጆች አሉ። አዛዡ ነገሩ በመንፈስ ካለቀ እፈታቸዋለሁ ብሎኛል። ምን ላድርግ? መጽሐፉን ይዤ ከእስር ቤት በር ልጋጭ?"

"ተጋጭ" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። እማማ ናት፤ የተቀደደ ቀሚሷን ልታሰፋ መጥታ ቆማ ትሰማ ኖሯል። "እኔ በየጠዋቱ የክፉውን ክንድ ስበርልኝ እያልኩ ነው የምጸልየው። ተጽፎ ነው ያገኘሁት፣ ከራሴ አላመጣሁትም።"

"እማማ፣ እንዲህ ያለ ጸሎት በአዲስ ኪዳን..."

"አንተ ደሞ ዝም በል፤ አንተን አይደለም የለመንኩት።"

ቅዳሜ

አማቼ መጣ፣ ብቻዬን የምሆንበትን ሰዓት ጠብቆ ይሆናል። ልብስ ሰፊው ቤቱ ነበር። ቦቲ ጫማውን ለጥገና አምጥቷል። ተቀብዬ አገላበጥኩት። ምንም አልሆነም ጫማው።

"አባባ፣ ያኮረፉኝ መሰለኝ።"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

"ትእዛዝ ነው። እኔ ባልመታው ከእኔ የባሰው ነበር የሚመታው። እኔ ቢያንስ አጥንት አላስነካሁም።" ይህን ሲል ፊቱ ላይ ሰው ያመሰግነኛል የሚል ነገር ነበረ። "ወታደሮቹ ወደ መጥምቁ መጥተው እኛስ ምን እናድርግ ሲሉት ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም።"

"ማንንም አታስጨንቁ ነው ያላቸው" አልኩ።

"እሱ ይህን ብሎ የት ደረሰ?" አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። "አንገቱን ተቆረጠ" አለ ለራሱ እንደሚነግር። እጆቹን ያያቸው ነበር። ቀልተዋል፣ ተላልጠዋል፤ ከልብስ አጣቢ እጅ አይለዩም።

ሲወጣ በር ላይ ዞር ብሎ፣ "ስለ ኮቱ የነገሩኝን ለማንም አልተናገርኩም፣ አይስጉ" አለኝ።

እኔ ሳልጠይቀው።

እሑድ

አማቼ አልዘመረም። ራሱን አሞት ነው አሉ።

ማክሰኞ

ልጄ መጣች። ከንፈሯ አብጧል። በሩን ሰበብ አላደረገችም ዛሬ፤ ምንም ሰበብ አላመጣችም። ተቀምጣ የጫማ ክር በጣቷ እየጠመጠመች፣ "አዛዡ ነግሮታል" አለች። "በቤተ ክርስቲያን ፊት ከታረቀ ወደ ጽሕፈት ሥራ ያዛውረዋል። ከዚያ የምርመራ ክፍል ይወጣል አባዬ። ከዚያ ክፍል ከወጣ ሰው ይሆናል። አንተ ነህ ወንበር የምትደረድረው።"

"ልብስ ሰፊው አልፈልግም ብሏል።"

"አንተን እምቢ አይልህም።"

ሆዷን አየሁ። ከንፈሯን አየሁ። እሺ አልኳት።

ረቡዕ

እየረገጥኩ ጠየቅኩት። ፊት ለፊት ብትቀመጥስ አልኩት። ልጄ አልኩት። ከንፈሯን ነገርኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሁሉንም አልኩት።

መርፌው ቆሟል፤ እኔ መርገጥ ረስቼ ነው። እሱ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ስቦ አወጣው።

"ለልጅህ ብዬ እሺ" አለ። "ግን ቀድሜ የማጥበው እኔ ነኝ። ውሃውንም የምታፈስልን አንተ ነህ።"

"ሁሌም እኔ ነኝ የማፈሰው።"

"አውቃለሁ። ርገጥ።"

እሑድ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አዛዡ ካሜራ የያዘ ሰው አምጥቷል። ወንበሮቹን ራሴ ደረደርኩ፤ ሁለቱን መሃል፣ ፊት ለፊት። ውሃውን ለብ አደረግኩት። አማቼ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ልጄ ናት የተኮሰችው። ልብስ ሰፊው በበያጁ ክንድ ተደግፎ ገባ። ያ ሁሉ ሰው ጫማውን አየ።

ፓስተሩ ጸለየ። ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ። ጉልበቱ ጤነኛ ነው። የአማቼን ቀኝ እግር አንስቶ ሳፋው ውስጥ አደረገና እኔን አየኝ። ጆጉን ይዤ አፈሰስኩ። ካሜራው አበራ። ፓስተሩ፣ "ሃሌ ሉያ" አለ።

ልብስ ሰፊው የአማቼን እግር ከውሃው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈና ውስጥ እግሩን በአውራ ጣቱ ነካ። ቀስ ብሎ ነው የነካው፤ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ምልክት እንደሚያደርገው።

"እዚህ ጋ ጀመርክ" አለ። ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን አዳራሹ ጸጥ ብሏል። "ተረከዙ ላይ። በዱላ ነው። ከዚህ እስከዚህ። ቀጥሎ ዱላውን ጥለህ ገመዱን አነሳህ፤ የኤሌክትሪኩን። እዚህ፣ መሃሉ ጋ፣ ቆዳው ስስ ነው፤ እዚህ ተከፈተ። እዚህ ጋ ስትደርስ የእግዚአብሔርን ስም ጠራሁ። 'እሱን ተወው፣ እዚህ የለም' አልከኝ። ጣቶቹ ሥር፣ ይኸውና፣ ራሴን ሳትኩ። ውሃ ደፋህብኝ። ነቃሁ። ቀጠልክ።"

አማቼ እግሩን ሊስብ ሞከረ። ልብስ ሰፊው በሁለት እጁ ይዞታል። መርፌ ዕድሜ ልኩን የያዘ እጅ ነው፤ አይለቅም። አዛዡ፣ "ፓስተር" አለ። ፓስተሩ አልተንቀሳቀሰም። ከሴቶቹ ረድፍ አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ የዳቦ ቤቱ እሳት አንዳጅ ከኋላ ብድግ ብሎ ቆመ። ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ ያደረጉ ሌሎችም ቆሙ። ማን ማን እንደሆኑ እኔ ነኝ የማውቀው።

"እና እዚህ ጋ" አለ ልብስ ሰፊው፣ አውራ ጣቱን ወደ ተረከዙ መልሶ፣ "እዚህ ጋ ደክሞህ አረፍክ። ላብህን እየጠረግክ ስለ አንድ ኮት ጨዋታ አወራኸኝ። ገበሩ ጥቁር ስለሆነ ኮት። ሳቅክ።"

ስም አልጠራም። ቀናም አላለም። "ውሃ" አለኝ።

ጆጉ ውስጥ ውሃ ነበረ። አፈሰስኩ። አብዛኛው መሬት ላይ ፈሰሰ።

አማቼ ያኔ ነው የመታው። በቀኝ እግሩ፣ አፉ ላይ፣ ወንበሩን ይዞ። ልብስ ሰፊው ወደ ጎን ተዘረረ፤ ጥርሱ ሳፋው ላይ ሲጋጭ ቆርቆሮው ጮኸ። አማቼ ሌላ አንዴ ረገጠው፣ ጎኑን፣ ባዶ እግሩን እንደሆነ የረሳ ይመስላል። በያጁ አንገቱን ይዞ አንጠለጠለው። ሴቶቹ መሃል ገቡ። አዛዡ ካሜራውን ከሰውየው ነጥቆ አማቼን በክንዱ ጎትቶ ወጣ። አማቼ በባዶ እግሩ ነው የወጣው፣ ነጭ ሸሚዙ ላይ ደም ተረጭቶበት። ልጄ ተከትላው አልሄደችም።

ፓስተሩ መዝሙር ጀመረ። ማንም አልተቀበለው። ብቻውን እስከ ሁለተኛው ስንኝ ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ መድረኩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ልብስ ሰፊው ደሙን ተፍቶ ተነሳና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የጫማውን ክር ፈታ። ራቁት እግሩን ባዶው ወንበር ፊት ዘረጋው። ሥርዓቱ ገና አላለቀም፤ ያጠበ ይታጠባል። ሁሉም ያያል።

ተንበረከክኩ። ያን እግር ያዝኩት። የተረከዙ ቁስል ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ውሃው ሲነካው ጣቶቹ ተኮማተሩ።

"እኔ ነኝ የነገርኩት" አልኩት። "ምሳ ላይ። ለሳቅ ብዬ።"

"አውቃለሁ" አለ፤ አፉ በደም ተሞልቶ ስለነበር ቃሉ ተኮላተፈ። "ውሃው ቀዝቅዟል።"

ሄጄ ሙቅ ቀዳሁ።

ሰኞ

አፉ አብጦ መጣ። ሁለት የፊት ጥርስ የለውም። ክሩን በጥርሱ መበጠስ ስለማይችል መቀስ ፈለገ፤ አቀበልኩት። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አስቀድሜም ቢሆን፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ ላስፈርመው አልፈልግም።

"ርገጥ" አለኝ። ረገጥኩ።

ልጄ እኔ ቤት ናት። "እሱ ነው የመታኝ፤ በሩ አይደለም" አለችኝ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ድንች እየላጠች። አማቼ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። በሩን ቆለፍኩ። ቆይቶ ሄደ።

ረቡዕ

ልብስ ሰፊውን ከቤቱ ወሰዱት። ባዶ እግሩን። ጫማውን ሚስቱ ሱቅ ድረስ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ምን ልታደርግበት እንደፈለገች ራሷም አታውቅም።

ሐሙስ

አዛዡ ብቻውን ሱቄ መጣ፤ ወንበር አልሰጠሁትም፣ የልብስ ሰፊውን ወንበር ስቦ ተቀመጠበት። ሰውየው በአምልኮ ላይ ባለ የፖሊስ አባል ላይ ጉዳት አድርሷል አለኝ። እግሩን ጠምዝዞ። "ከሁሉም ቅርብ የነበርክ አንተ ነህ። ጆጉን ይዘህ። ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያ መጥተህ ያየኸውን ትናገራለህ። አማችህ ነው፣ የልጅ ልጅህ አባት ነው። ያየኸውን ብቻ።"

"ያየሁትን ብቻ?"

"አንተ ጠንቃቃ ሰው ነህ" አለ። ጫማው ሲሄድ ይጮህ ነበር። እንዲጠገንለት አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ከሰዓት በኋላ በጣቢያው በኩል አለፍኩ። እማማ፣ የልብስ ሰፊው ሚስትና የበያጁ ሚስት በሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። ፓስተሩም ከእነሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ክራባቱን ፈትቶ። ሱሪው ላይ የጫማ ዱካ አለ። "መጽሐፌን ቀሙኝ" አለኝ። "ባዶ እጁን ተጋጨ" አለች እማማ፣ ቦታ እየለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ከውስጥ አንዳንዴ ድምፅ ይሰማል። የማን እንደሆነ አይለይም። የተቀመጠው ሰው ሁሉ የራሱ ሰው እንደሆነ አድርጎ ነው የሚሰማው።

ዓርብ

ቆዳ ስቆርጥ ዋልኩ። ልጄ፣ "ለማን ነው?" አለችኝ። ለደንበኛ አልኳት። አላመነችም፤ ግን ወስፌውን አቀበለችኝ። ክሩን በሰም አሸችልኝ፤ እናቷ እንዲህ ታሸልኝ ነበር።

ነገ ጠዋት ሄጄ ያየሁትን እናገራለሁ። የተረከዙን፣ የገመዱን፣ አፉ ላይ የደረሰውን ምት። ስለ ኮቱም እናገራለሁ፤ ያ የጥቁር ጨርቅ ወሬ ከማን አፍ እንደወጣ እነሱም ይስሙት። የልብስ ሰፊውን ጫማ ይዤለት እገባለሁ። ካባረሩኝ ጫማውን መልሼ ይዤ እወጣለሁ፤ ካሰሩኝ እዚያው ያደርገዋል።

ለራሴ ጫማ ሠርቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ደንበኛ የተወውን ነው የማደርገው። ለስላሳ ቆዳ፣ ከላይ በክር የሚላላ፣ ውስጡ ጥጥ። ካርቶኑ ላይ ቆሜ ራሴን ለካሁ። ጎንበስ ብሎ የራስን እግር መንደፍ ከባድ ነው፤ እርሳሱ ይንሸራተታል። ልጄ ተንበርክካ ነደፈችልኝ።

አርባ ሁለት ነኝ። አርባ አራት አድርጌ ቆረጥኩት።